ዲዛይነር ለሌለው የዲን ቢሮ፦ ምን ይነበብ? በምን ይሠራ?

ጥያቄው፦ "በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የኮሌጅ ዲን ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነኝ። ስቀጠር ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ ብቻ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ማስታወቂያውም፣ ፖስተሩም፣ የሥልጠና ሰርተፍኬቱም፣ ባነሩም፣ የዓመታዊ ሪፖርቱ ሽፋንም እኔው ጋ ነው የሚመጣው። ዲዛይነር የለንም፣ በጀት የለም፣ ኢንተርኔቱም አንዴ አለ አንዴ የለም። ሥራዬን የሚያሻሽልልኝ ምን ላንብብ? ለዲዛይኑስ በምን ልሥራ? የፎቶሾፕ ኮርስ ከፍለሽ ተማሪ የሚሉኝ አሉ፤ ያዋጣኛል?"

መልስ፦

እህቴ፣ ይሄ ያንቺ ብቻ ጣጣ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ተለጥፎ ከምናየው ወረቀት አብዛኛው የሚወጣው ከሕዝብ ግንኙነት ቢሮ ሳይሆን እንዳንቺ ካለ ጠረጴዛ ነው። እኔ ኅትመት ላይ ስለምሠራ የምመልስልሽም ከዚያ በኩል ሆኜ ነው። የቢሮ አያያዙን አንቺ ትበልጪኛለሽ።

ሶፍትዌር መምረጡን ለጊዜው ተዪው። መጀመሪያ ከቢሮሽ ቶሎ ቶሎ የሚወጣውን አንድ ወረቀት አንሺ። ምናልባት የምዝገባ ማስታወቂያ ይሆናል። ግቢውን የማታውቂ አዲስ ተማሪ ሆነሽ አንብቢው። ቀኑን ስንተኛው መስመር ላይ አገኘሽው? የት እንደሚኬድስ? "ዲዛይኑ አያምርም" የሚባል ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ ያለው ጽሑፉ ላይ ነው። ጽሑፉ ካልተስተካከለ ፍሬምና አበባ ቢጨመርበትም ለውጥ የለውም።

እንዲህ ያለውን መቼም ታውቂዋለሽ፦

"በኮሌጃችን ሥር ለምትገኙ የ2ኛ ዓመት መደበኛ ተማሪዎች በሙሉ፤ የ2ኛ ሴሚስተር ምዝገባ ከየካቲት 10 እስከ የካቲት 14 ድረስ የሚካሄድ መሆኑን እየገለጽን በተጠቀሱት ቀናት አስፈላጊውን መረጃ በማሟላት በሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት በመቅረብ እንድትመዘገቡ፣ ይህ ሳይሆን ቢቀር ግን ኮሌጁ ኃላፊነቱን የማይወስድ መሆኑን በጥብቅ እናሳስባለን።"

ይሄ የደብዳቤ አጻጻፍ ነው። ደብዳቤ የሚነበበው ተቀምጦ ነው። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያለው ግን የሚነበበው በመንገድ ላይ፣ ያውም በጓደኛ ትከሻ ላይ አሻግሮ ነው። "አስፈላጊውን መረጃ" የተባለው ምንድን ነው? ተማሪው ያንን ለመጠየቅ ቢሮሽ ድረስ ይመጣል። ቀኑን ሙሉ በር ሲንኳኳብሽ የሚውለው በዚህች ሐረግ ነው። አሁን ይሄን እዪው፦

የ2ኛ ዓመት ተማሪዎች ምዝገባ
ከየካቲት 10 እስከ 14
ጠዋት 2፡30–6፡30፣ ከሰዓት 7፡30–11፡30 (ዓርብ ጠዋት እስከ 5፡30 ብቻ)
ሬጅስትራር፣ መስኮት 3
ይዛችሁ ኑ፦ የተማሪ መታወቂያ፣ የተሞላ የወጪ መጋራት ቅጽ
በእነዚህ ቀናት ያልተመዘገበ በቅጣት መመዝገብ የሚችለው የካቲት 17 ብቻ ነው።

"መሆኑን እየገለጽን" ጠፋ፣ ማንም አልናፈቀውም። "በጥብቅ እናሳስባለን" የሚለውም ቀረ፤ በምትኩ ያልመጣ ሰው ምን እንደሚገጥመው በቀጥታ ተነገረ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች አግዝፊ፣ የቀረውን አሳንሺ። ዲዛይኑ ከሞላ ጎደል አለቀ።

አለቃሽ "ይሄማ ደብዳቤ አይመስልም" ሊሉ ይችላሉ። እውነታቸውን ነው፤ አይመስልም። ስለዚህ ሁለቱን ለዪአቸው። ቁጥርና ቀን ያለው፣ ግልባጭ የተደረገለት፣ የተፈረመበት ደብዳቤ ወደ መዝገብ ቤት ይሂድ። ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው ሌላ ወረቀት ይሁን፤ ማኅተሙ ጥግ ላይ ይረፍ። ብዙ ኃላፊዎች እንዲህ ሲባሉ ይስማማሉ፤ የሚፈሩት ማስረጃ እንዳይጠፋ እንጂ ጽሑፉ እንዳያጥር አይደለም። በነገራችን ላይ የመሥሪያ ቤቶቻችንን የዜጎች ቻርተር ሰሌዳ አስታውሺ። ኮሪደር ላይ በትልቁ ይሰቀላል፣ ፊደሉ ግን ጉንዳን ያክላል። ከተመረቀበት ቀን በኋላ ቆሞ ያነበበው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ወደ ንባቡ እንምጣ። ከራስሽ ግቢ ጀምሪ። ሴኔቱ ያጸደቀውን የዩኒቨርሲቲሽን ሌጅስሌሽን ከዳር እስከ ዳር ያነበበች ጸሐፊ ኮሌጁ ውስጥ ተፈላጊ ናት። ዊዝድሮዋል፣ ሪአድሚሽን፣ የውጤት ቅሬታ፣ የኮሚቴ አባላት ብዛት፣ ምልዓተ ጉባኤ፤ ሁሉም እዚያ አለ። ከዚያ በላይ ደግሞ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 አለ። ቦርድ፣ ፕሬዚዳንት፣ ሴኔት፣ ኮሌጅ ማን ለማን እንደሚጠየቅና ማን ምን የመወሰን ሥልጣን እንዳለው ከዚያ ይገባሻል። ቃለ ጉባኤ ስትይዢ "ኮሚቴው ወሰነ" ልበል ወይስ "ኮሚቴው የውሳኔ ሐሳብ አቀረበ" የሚለውን የሚፈታልሽ ይሄ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል እንጂ ኦዲት ሲመጣ ትልቅ ነው።

ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ጥቅም አለው። አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ነው የሚታተመው። ዲኑ "ይሄን ለኤምባሲ በእንግሊዝኛ አድርጊልኝ" ሲሉሽ የሥራ ክፍሉን ስም፣ የሹመት መጠሪያውን፣ የሕግ ቃሉን ከአንዱ ዓምድ ወደ ሌላው እያየሽ ታገኚዋለሽ። አንድ የሥራ መደብ ከአንድ ቢሮ በሦስት ዓይነት እንግሊዝኛ ተጽፎ ሲወጣ የሚፈጠረውን ውዥንብር ይቀንስልሻል። ያገኘሻቸውን ጥንዶች በአንድ ኤክሴል ፋይል አጠራቅሚ። ከዓመት በኋላ ኮሌጁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሚለምንሽ ፋይል ይሆናል።

ለአማርኛው አጻጻፍ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል በ1993 ያሳተመውን አማርኛ መዝገበ ቃላት ያዢ። ላይብረሪያችሁ ውስጥ ፈልጊው። የደስታ ተክለ ወልድ የ1962ቱ መዝገበ ቃላትም አለ፤ እሱ የቃሉን ሥር ለመመርመር ጥሩ ነው፣ ለዕለት ሥራ ግን የመጀመሪያው ይበቃሻል። ፀሐይን በየትኛው ጸ እንጻፍ ብላችሁ ቢሮ ውስጥ ግማሽ ቀን ከመከራከር አንዱን መዝገበ ቃላት ዳኛ አድርጋችሁ መገላገል ይሻላል።

ከውጭ መጻሕፍት፣ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ተቋም ለምን እንዲህ እንደሚሆን የሚያስረዳ አንድ ብቻ ጥቀስ ብባል የሮበርት በርንባምን "ሃው ኮሌጅስ ወርክ" እጠቅሳለሁ። በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ስለ አሜሪካ ኮሌጆች የተጻፈ ነው። ዩኒቨርሲቲ በአንድ ዓይነት ሥርዓት አይመራም ይላል። አንዱ በባልደረቦች መግባባት፣ አንዱ በደንብና በተዋረድ፣ አንዱ በቡድኖች ድርድር፣ አንዱ ደግሞ ማን ምን እንደወሰነ በማይታወቅበት ሁኔታ ይሄዳል። "ስንት ስብሰባ ተወያይተው ለምን አልወሰኑም?" ብለሽ ተገርመሽ ከሆነ መልሱ እዚያ ውስጥ አለ። የእኛዎቹ ከሚኒስቴር በሚመጣ መመሪያም ስለሚመሩ ሁሉም ነገር አይገጥምም። ለወቅታዊ ወሬ ዩኒቨርሲቲ ወርልድ ኒውስ የሚባለውን ድረ ገጽ ተመልከቺ፤ የአፍሪካ ዕትም አለው። ጸሐፊዎችና የቢሮ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ማኅበርም አላቸው፤ በ1942 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመ። አባልነቱ በዶላር ስለሆነ አልመክርሽም። የምስክር ወረቀት ፈተናቸው የሚሸፍናቸውን ርዕሶች ግን አይተሽ የትኛው ላይ እንደምትደክሚ ራስሽን መዝኚበት።

ስለ ዲዛይን ሁለት ብቻ አንብቢ። አንደኛው የሮቢን ዊሊያምስ "ዘ ነን-ዲዛይነርስ ዲዛይን ቡክ" ነው። በዚህ ስም የሚታወቀው የፊልም ተዋናይ አይደለም፤ ሴት ናት ጸሐፊዋ። መጀመሪያ በ1994 እ.ኤ.አ. ወጣ፣ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ታትሟል። ዲዛይን ላልተማረ ሰው ነው የተጻፈው። አራት ነገር ነው የሚያስተምርሽ። የሚለያየውን ነገር በግልጽ አለያዪው፤ አንዱን መልክ በየገጹ ድገሚው፤ ሁሉን ነገር ከአንድ መስመር ጋር አስተካክይ፤ የሚዛመደውን አቀራርቢ። ከእነዚህ እኛ ጋ በብዛት የሚጣሰው ሦስተኛው ነው። ሁሉን ነገር መሐል ማድረግ እንወዳለን። ርዕሱ መሐል፣ ቀኑ መሐል፣ ዝርዝሩ መሐል። አራት መስመር ያለውን ዝርዝር በግራ በኩል አሰልፊውና ልዩነቱን እዪ።

ሁለተኛው የማቲው በተሪክ "ፕራክቲካል ታይፖግራፊ" ነው። ኢንተርኔት ላይ ነው ያለው፣ ሳይከፈልበት ይነበባል። የመስመር ርዝመት ከ45 እስከ 90 ሆሄ፣ የመስመር ክፍተት ከ120 እስከ 145 በመቶ ይሁን ይላል። ያ ለላቲን ፊደል ነው። የእኛ ፊደል ሰፋ ያለ ነው፣ አንዱ ፊደል ራሱ ተነባቢና አናባቢ ይዟል። ስለዚህ ለአማርኛ መስመሩን አሳጥሪ፣ ክፍተቱን ወደ ላይኛው ጫፍ አስጠጊ። እኔ ለሪፖርት 140 አካባቢ እይዛለሁ።

ፎንት ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ራስ ምታቱ ያለው እዚህ ነው። የድሮ ፋይሎችሽን ስትከፍቺ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ብሎ የሚወጣብሽ ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ አንድ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ስልት) በፊት በነበሩ ፎንቶች ስለተጻፉ ነው። እነዚያ ፎንቶች የግዕዙን ቅርጽ በላቲኑ ቁልፍ ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ኮምፒውተሩ የሚያየው ላቲን ነው። ፎንቱ ሲጠፋ እውነቱ ይወጣል። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ዛሬ በድሮው ስልት ለመጻፍ ምንም ምክንያት የለም። በዩኒኮድ ያልተጻፈ ሰነድ ውስጥ ቃል ፈልጎ ማግኘት አይቻልም፣ ቴሌግራም ላይ አይለጠፍም፣ ጎግል አያገኘውም። ለመጻፊያ ኪይማን የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ የአማርኛ ኪቦርዱን አብሮ መጫን ነው።

ፎንቶቹን ከጎግል ፎንትስ አውርጂ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ እና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ከስስ እስከ ወፍራም ዘጠኝ ውፍረት አላቸው። ይሄ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ፊደላችን ካፒታልና ስሞል የለውም፤ ርዕስን ከጽሑፍ የምንለየው በመጠንና በውፍረት ነው። "አቢሲኒካ ሲል" የሚባለው ፎንት ደግሞ ለሰርተፍኬትና ለመጽሐፍ መልክ ያምራል፤ ግን ያለው አንድ ውፍረት ብቻ ነው። ቦልድ ስታደርጊው ወርድ በራሱ ያወፍረዋል እንጂ እውነተኛ ቦልድ አይደለም፤ ትልልቅ ፊደል ላይ ጉድፉ ይታያል። አይታሊክ የሚባለውን ለአማርኛ እርሺው። ፊደሉ ተጋድሞ ሊወድቅ ነው የሚመስለው።

"እኔ ጋ አምሮ ነበር፣ እሳቸው ጋ ሲከፈት ተበላሸ" የሚባለውም መነሻው ይሄው ነው። ኒያላ የሚባለው የአማርኛ ፎንት ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ለብቻው የሚጫን ተጨማሪ ሆኗል፤ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ ኢብሪማ በሚባል ሌላ ፎንት ይተካል። የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ ገጹ ይገፋል፣ ፊርማው ብቻውን ቀጣዩ ገጽ ላይ ይወርዳል። መፍትሔው ቀላል ነው። ያለቀ ነገር በፒዲኤፍ ላኪ። ማረም ካለባቸው ደግሞ ወርድ ውስጥ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ብለሽ ፎንቱ ከፋይሉ ጋር እንዲሄድ አድርጊ።

አንዲት ትንሽ ነገር ደግሞ። አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት የሚጽፉ አሉ። ስታዪው ተመሳሳይ ነው። ግን መስመር መጨረሻ ላይ ሲደርስ አንዱ እዚህ ቀርቶ ሌላው ወደ ቀጣዩ መስመር ሊወርድ ይችላል። ወርድ ላይ ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ ከፍተሽ "፡፡" የሚለውን ሁሉ በ"።" ቀይሪው። ደቂቃ አይፈጅም፤ ዓመታዊ ሪፖርቱ ግን ወዲያው የሠለጠነ ሰው የሠራው ይመስላል።

ሰርተፍኬቱ ላይ ዲዛይኑ ቀላሉ ክፍል ነው። የሚያስለቅሰው ስሙ ነው። ከኤክሴል ዝርዝር በሜይል መርጅ ካልሠራሽ 200 ሰርተፍኬት አንድ በአንድ ስም እየቀየርሽ ታመሻለሽ። ወርድ ላይ ሜይሊንግስ የሚለውን ትከፍቻለሽ፣ ሴሌክት ሪሲፒየንትስ ብለሽ ኤክሴሉን ታሳዪዋለሽ፣ ስሙ የሚገባበት ቦታ ላይ ኢንሰርት መርጅ ፊልድ ትያለሽ፣ ፕሪቪው ሪዛልትስ ብለሽ እያገላበጥሽ ታያለሽ። በቃ። ረጅሙን ስም ፈልገሽ መጀመሪያ እሱን እዪ፤ "ወልደ" እና "ኃይለ" ያለበት ሦስት ስም ከመስመሩ ካልወጣ ሌላው አይወጣም።

ዝርዝሩ ራሱ ግን መጽዳት አለበት። ኃይለ ማርያም አንዱ ወረቀት ላይ በኃ፣ ሌላው ላይ በሀ፣ አንዱ ላይ ተያይዞ፣ ሌላው ላይ ተለያይቶ ይመጣል። ለኤክሴል እነዚህ አራት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ከሌላ ዝርዝር ፈልጎ የሚያመጣው ቪሉክአፕ የሚባለው ፎርሙላ አያገኛቸውም። ስለዚህ በስም አታገናኚ፤ በመታወቂያ ቁጥር አገናኚ። አጻጻፉን ደግሞ ከአንድ ምንጭ ብቻ፣ ከሬጅስትራር ፋይል ውሰጂ። ሠልጣኞቹ ከውጭ የመጡ ከሆኑ ስማቸውን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ራሳቸው እንዲጽፉ በመጀመሪያው ቀን ወረቀት አዙሪ። ማዕረጉን፣ ማለትም ዶ/ር፣ አቶ፣ ወ/ሮ፣ ወ/ሪት የሚለውን፣ ለብቻው ዓምድ ስጪው፤ አለበለዚያ በፊደል ተራ ስትደረድሪ ዶክተሮቹ ሁሉ አንድ ላይ ይከማቻሉ።

ቀን ላይ ደግሞ ኤክሴል ይሸውድሻል። እሱ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው። የቀን አጻጻፉ በአሜሪካ ስልት (ወሩ ቀድሞ) በሆነ ኮምፒውተር ላይ የካቲት 10 ለማለት 10/6/2017 ብትጽፊ ኦክቶበር 6 አድርጎ ይይዘዋል። 30/6/2017 ስትጽፊ ግን ሠላሳኛ ወር ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። አንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ይሆንና በቀን ቅደም ተከተል ልደርድር ስትዪ ይተራመሳል። ጳጉሜን 5ማ ጭራሽ ጉድ ነው፤ 5/13/2016 ስትዪ ሜይ 13 ይልሻል። መድኃኒቱ መጻፍ ከመጀመርሽ በፊት ዓምዱን መርጠሽ ፎርማቱን ቴክስት ማድረግ ነው። ለስልክ ቁጥርም እንደዚሁ፤ ካልሆነ የ09ኟ ዜሮ ትበላለች። ፋይሉን ሲኤስቪ (ዝርዝሩን እንደ ተራ ጽሑፍ የሚይዝ የፋይል ዓይነት) አድርገሽ ስታስቀምጪ ደግሞ "ዩቲኤፍ-8" የሚል የተጻፈበትን ምረጪ። ተራውን ከመረጥሽ አማርኛው በሙሉ ጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል። ኦሪጅናሉን ካጠፋሽ አይመለስም።

ለፖስተርና ለባነር በምን ልሥራ ላልሽው፣ ኮምፒውተርሽ ላይ ባለው ፓወርፖይንት ጀምሪ። እየቀለድኩ አይደለም። ዲዛይን ተብሎ ከሚመጣልሽ ሥራ አብዛኛውን ይችለዋል፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ዲዛይን፣ ስላይድ ሳይዝ፣ ከስተም ብለሽ ወረቀቱን ትሰጪዋለሽ። ኤ3 ከሆነ 29.7 በ42 ሴንቲ ሜትር። ለጥናት ፖስተር የሚፈለገው ኤ0 84.1 በ118.9 ነው። ፓወርፖይንት የሚቀበለው ትልቁ ልክ 142 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ 85 በ200 የሆነውን ሮልአፕ (ተጠቅልሎ የሚቀመጥ፣ ተዘርግቶ የሚቆም ባነር) በሙሉ ልኩ አይወስድም። በግማሹ፣ በ42.5 በ100 ሥሪውና ለማተሚያ ቤቱ "በ200 በመቶ አሳድጉት" በያቸው። መጀመሪያ ግን ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ውስጥ ገብተሽ ፎቶ እንዳይጨምቅ አድርጊ።

ማተሚያ ቤት ስትሄጂ ፒዲኤፍ ይዘሽ ሂጂ። ፓወርፖይንቱን ከሰጠሻቸው በራሳቸው ፕሮግራም ይከፍቱታል፣ የአማርኛው ፎንት እነሱ ጋ የለም፣ የፕሬዚዳንቱ ስም ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይታተማል። ባነሩ ደግሞ የሚደርሰው ፕሮግራሙ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነው፤ ይሄን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሎጎውንም ከፌስቡክ ገጽ አታውርጂ። ከሕዝብ ግንኙነት ኤስቪጂ ወይም ፒዲኤፍ የሆነውን ጠይቂ፤ እሱ ምንም ያህል ቢጎተት አይደበዝዝም። ስታሳድጊው ከጥጉ ይዘሽ ጎትቺ። ከጎኑ ስትጎትቺው ክቡ ሎጎ እንቁላል ይሆናል።

ካንቫ ጥሩ ነው፤ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ በነፃው ላይም የራስሽን ፎንት መጫን አይቻልም። ለትምህርት ተቋም ነፃ ነው ሲባል ሰምተሽ ከሆነ፣ ያ የተዘጋጀው ለአንደኛና ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን ነው። አንድ ደረጃ ከፍ ልበል ካልሽ ኢንክስኬፕ አለልሽ፤ ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ብዙ ገጽ ላለው መጽሔት ደግሞ ስክራይበስ አለ፤ እሱ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ቀለም ላይ ብዙ አልልም። ሁለት ቀለም ይበቃል፣ የዩኒቨርሲቲሽ ቀለም አንዱ ይሁን። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ እንወዳለን፤ ቢጫ ፊደል ነጭ ወረቀት ላይ ግን አይነበብም። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ በፊደሉና በመደቡ መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 የብርሃን ንፅፅር ይጠይቃል፤ ይህን የሚለካልሽ ነፃ መሣሪያ ዌብኤይም የሚባለው ድረ ገጽ ላይ አለ። ለድረ ገጽ የወጣ ልክ ቢሆንም ለሰሌዳም ይሠራል። ዓይናቸው ደከም ያለ መምህራንም ያመሰግኑሻል።

ፎቶ ከጎግል ላይ አንስቶ መለጠፍ ይቅር። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ የሚገኙት አብዛኞቹ የባለቤቱን ስምና የፈቃዱን ዓይነት ከጻፍሽ ይፈቀዳሉ። አንስፕላሽና ፔክስልስም አሉ፤ ግን እዚያ የምታገኚያቸው ተማሪዎች የእኛን ግቢ ተማሪ አይመስሉም። ከሁሉም የሚሻለው በስልክሽ የራሳችሁን ላብና ላይብረሪ ጠዋት ብርሃን ሲኖር ማንሣት ነው። የሚታይ ሰው ካለ ፈቃዱን ጠይቂ። በ2016 የወጣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም አለ፣ ቁጥሩ 1321/2016 ነው። የተማሪ ስምና ውጤት አንድ ላይ አድርጎ ቴሌግራም ቻናል ላይ መልቀቅ የለመደ ቢሮ ካለ ይሄን አዋጅ ከሕግ ክፍሉ ጋር ቁጭ ብሎ ቢያነበው ጥሩ ነው። እስከዚያው በመታወቂያ ቁጥር ብቻ አውጡ።

ቴሌግራም ካነሣን፣ ፖስተሩን እንደ ፎቶ ስትልኪው ይጨመቃል፤ ትንንሹ ጽሑፍ ይደበዝዛል። እንደ ፋይል ላኪው። ኪውአር ኮድ ካስፈለገሽ ደግሞ ክሮም ራሱ ገጹን ሼር የሚለው ውስጥ ይሠራልሻል። "ነፃ" ከሚሉት ድረ ገጾች አንዳንዶቹ ኮዱን በራሳቸው ሊንክ አሳልፈው ነው የሚሰጡሽ፤ የሙከራ ጊዜው ሲያልፍ የታተመው ባነር ላይ ያለው ኮድ ሥራ ያቆማል።

የፎቶሾፕ ኮርሱስ? ከኪስሽ ከሆነ አትክፈዪ። ፎቶሾፕ ፎቶ ለማረም ነው የተሠራው፤ አንቺ ቀኑን ሙሉ የምትሠሪው ጽሑፍና ዝርዝር ነው። ሶፍትዌሩም በየወሩ የሚከፈልበት ስለሆነ ኮርሱን ጨርሰሽ ቢሮ ስትመለሺ በሕጋዊ መንገድ የምትጠቀሚበት አይኖርሽም። ኮሌጁ ሥልጠና እንከፍላለን ካለ የኤክሴል ሥልጠና ጠይቂ። ካልከፈሉም ኤክሴል ስትከፍቺ ኒው የሚለው ገጽ ላይ ፎርሙላ ቱቶሪያል እና ፒቮት ቴብል ቱቶሪያል የሚባሉ መለማመጃ ፋይሎች አሉ። ኢንተርኔቱ ደህና በሆነ ቀን አውርደሽ ዴስክቶፕሽ ላይ አስቀምጪያቸው።